ያልመጣው ነገ ናፋቂዎች

በጊንሃይም በምኖርበት ቤት፣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እዚሁ ፍራንክፈርት የሚኖር ወዳጄ አሳትሞ በእንቁጣጣሽ በዓል ላይ የሸጠልኝ ነው። በየወሩ አንድ የአዲስ አበባ ሕንፃ አለ፤ ለመስከረም የአፍሪካ አዳራሽ፣ ለጥቅምት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለኅዳር ክቡ ንግድ ባንክ እያለ እስከ ነሐሴ ይዘልቃል። ጳጉሜን ምንም አልደረሳትም። ፎቶግራፎቹ ያማሩ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ የታጠበ፣ አንዲት ነጭ መኪና ብቻዋን የቆመችበት። ሰው ግን የለም። ዐሥራ ሁለቱንም ወራት አገላብጬ የቆጠርኋቸው ሰዎች ስድስት ናቸው፤ ከስድስቱም ሁለቱ ዘበኞች ናቸው።

ከቀን መቁጠሪያው ጎን ባለው መስኮት ደግሞ የፍራንክፈርት የቴሌቪዥን ማማ ይታያል። የከተማው ሰው «የጊንሃይም ሽፓርገል» ይለዋል፤ ሽፓርገል ጀርመኖች በጸደይ ወራት በጉጉት የሚጠብቁት ያ ነጭና ቀጥ ያለ አትክልት ነው። ማማው በእውነቱ የተተከለው በአጎራባቹ በቦክንሃይም መሬት ነው፤ ስሙ ግን ለእኛ ሰፈር ደርሷል። ቁመቱ 337 ሜትር ተኩል ነው። በ1979 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያላልሁበት ዘመን ሁሉ የፈረንጅ ነው) ሥራው ሲያልቅ፣ በራሪ ሳሕን በመሰለው ራሱ ውስጥ የሚሽከረከር ምግብ ቤት ነበረው። እራት እየበሉ ከተማይቱን መዞር ማለት ነው። ከ1999 ወዲህ ግን ለጎብኚ ተዘግቷል፤ አንቴናው ይሠራል፣ መብራቱ ሌሊት ይበራል፣ ጎብኚ አይወጣበትም። ዳግም ይከፈታል የሚለው ወሬ ከዓመት ዓመት ይመላለሳል። ልጆቼ እያዩት አደጉ፤ አንድ ቀን እንኳ አልወጡበትም።

ይህን የምጽፈው በሁለቱ፣ በቀን መቁጠሪያውና በማማው መካከል ተቀምጬ ነው።

ወዳጄ በሽፋኑ ላይ «የጠፈር ዘመን አዲስ አበባ» ብሎ በወርቃማ ፊደል አጽፏል። አነጋገሩን ከፈረንጅ የቀዳው ቢሆንም አልተሳሳተም። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቁበት ቀን አንሥቶ ሰው ጨረቃን እስከ ረገጠበት እስከ 1969 ድረስ፣ ዓለም ነገን የሚሥለው በአንድ ዓይነት መልክ ነበር፤ ክብ፣ ነጭ፣ ማዕዘን የሌለው፣ አሁን ከመሬት ሊነሣ የተዘጋጀ የሚመስል። ኮንክሪት እንደ ጨርቅ ተጠቀለለ፤ ፕላስቲክ ወንበር ሆነ። ኤሮ ሳሪነን በኒው ዮርክ ለአንድ አየር መንገድ ክንፉን የዘረጋ ወፍ የመሰለ የመንገደኞች ማስተናገጃ ነደፈ፤ ፊንላንዳዊው ማቲ ሱሮነን በራሪ ሳሕን የመሰለ የፕላስቲክ ቤት ፈጠረ። የአፖሎ ጉዞ በ1972 አበቃ፤ መልኩ ግን አልሞተም። የኒው ዮርኩ ማስተናገጃ በ2001 ተዘግቶ በ2019 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። ሰዎች ዛሬ ወደዚያ የሚገቡት ለመብረር ሳይሆን የመብረርን ትዝታ ለአንድ ሌሊት ለመከራየት ነው።

እኛም ከዚያ ዘመን ድርሻችንን አግኝተናል። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በዐሥራ ስምንት ወራት ተሠርቶ በ1961 ተመረቀ፤ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመበት። ፈረንሳዊው ኦንሪ ሾሜት ክቡን ባንክ አቆመ። ዛልማን ኤናቭና የእኛው ሚካኤል ቴድሮስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍልውሃን መታጠቢያ ነደፉ። አየር መንገዳችን በ1962 መጨረሻ የጄት አውሮፕላኖቹን ተረከበ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ክርክሬ ከሕንፃዎቹ ጋር አይደለም፤ ከእኛ፣ ከናፋቂዎቹ ጋር ነው።

ለመሆኑ ስድሳ ዓመት ያለፈው ነገ ስለ ምን ዛሬም ያምረናል? የተለመደው መልስ «ተስፋ ስለ ነበረበት» የሚል ነው። ደግ መልስ ነው፤ ራሳችንንም ደግ ያስመስለናል። እኔ ግን አላምንበትም። ተስፋ ቢሆን ኖሮ የሚናፍቀን ሰዉ በሆነ ነበር፤ አናጺው፣ ጸሐፊዋ፣ በየአዳራሹ ደጃፍ ወረፋ የያዘው። እኛ የምንሰቅለው ግን ባዶውን ፎቶግራፍ ነው። ባዶ ነገ ውስጥ የሚራብ የለም፤ የሚጠይቀንም የለም። የሚማርከን ይህ ባዶነት ነው እላለሁ፤ እንዲህ በማለቴም ከብዙ ወዳጆቼ ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ለዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል በ1955 የተመረቀውን ይህን ሐውልት የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ይኸው ሰው በ1969፣ በዚያው በጨረቃው ዓመት፣ «ቡመራንግ» የተባለ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነደፈ። ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ማዕዘን የሌለው፣ አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ የሚመስል ጠረጴዛ ነው፤ በጥቂት ቁጥር ብቻ ስለ ተሠራ ዛሬ በጨረታ ቤቶች ባለጸጎች ይሻሙበታል። አንድ እጅ የሠራቸው እነዚህ ሁለት ነገሮች ፍጹም የተለያየ ሕይወት አላቸው። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ይጠብቃል። በአንበሳው ሥር ግን ተማሪ ይቀጣጠርበታል፣ ፎቶ አንሺ እንጀራውን ይጋግርበታል፣ ከገጠር የመጣ ሰው ከተማ መግባቱን የሚያረጋግጠው እሱን አይቶ ነው። ናፍቆታችን የትኛውን መረጠ? ወዳጄ አንበሳውን ለየካቲት አትሞታል፤ ሥሩ ግን ማንም የለም። አንበሳውን ጠረጴዛ አድርጎታል ማለት ይህ ነው።

እኔም በዚያ አንበሳ ሥር የተነሣሁት ፎቶግራፍ አለኝ። ጥር 1965 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። እኔና እኅቴ አዲስ ልብስ ለብሰናል። በዚያው ሰሞን የእናቴ ወንድም ከወሎ መጥተው እኛ ቤት ዐርፈው ነበር። የመጡት ለበዓል እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በሬዎቻቸው አልቀው ነበር። እሳቸውም ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከእኛ ጎን ቆሙ። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ፎቶው እንዳይበላሽ» አላቸው። እሳቸውም አንድም ቃል ሳይናገሩ ፈቀቅ አሉ። ፎቶው ሲታጠብ በግራ በኩል ረዘም ያለ ጥላ ቀርቶበት ነበር፤ ከጥላው ጋር የዱላው ጫፍ።

በዚያን ዓመት በወሎ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ረገፈ። ጆናታን ዲምብልቢ ረኃቡን ቀርጾ በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። የእኛ ቴሌቪዥን ከ1964 ጀምሮ ይሠራ ነበር፤ የነገ ሣጥን ነበርና ነገን ብቻ ያሳይ ነበር። ፊልሙን አገሬው ያየው በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ነው፤ ደርግ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ በመካከሉ እየሰካ አሳየው። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ደርግ ይህን ያደረገው ለረኃብተኛው አዝኖ ነው የሚል የዋህ የለም። ነገር ግን ለዓመታት ከፎቶው ፈቀቅ ይል ዘንድ የታዘዘ ሕዝብ፣ አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ ወደ ፎቶው መግባቱ አይቀርም።

«ታዲያ አንተ ሕንፃዎቹ ባይሠሩ ትወድ ነበር? ወይስ ደርግ ናፈቀህ?» ይሉኛል። ሁለቱም አይደለም። እንዲያውም ሕንፃዎቹን ከአፍቃሪዎቻቸው የማስጥላቸው እኔ ነኝ ባይ ነኝ። የአፍሪካ አዳራሽ በባዶነት አልተሠራም፤ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ሞልቶበታል፤ በሥዕሉም ሕዝብ ይሠቃያል፣ ይታገላል፣ ችቦ ይዞ ይነሣል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2024 ሲመረቅ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ፍልውሃ ደግሞ እናቴ በወር አንድ ቅዳሜ የምትወስደን ቦታ ነበር። ሙቅ ውሃ በቧንቧ ለማያውቅ ልጅ ከዚያ የበለጠ የጠፈር ዘመን አልነበረም። ባለ ነጠላዋም ባለ ኮቱም እንደ የኪሱ ከፍሎ ይገባ ነበር፤ በሩ ክፍት ነበርና። ይህ ሕንፃ ግን በወዳጄ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ የለም። እንፋሎትና ወረፋ ፎቶ ያበላሻሉ።

ቅርጽ ብቻውን ምንም እንደማያጸድቅ ማየት የሚሻ አሥመራን ያስብ። ፊያት ታሊዬሮ የተባለው አውሮፕላን መሳይ የነዳጅ ማደያ በ1938 ሲሠራ ነገን የመሰለ ነበር፤ በ2017 ከከተማይቱ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ይገባዋልም። በተሠራበት ዓመት ግን ፋሺስቶቹ ያገሩን ሰው በዘር ለይተው በከተማው ላይ ባይተዋር አድርገውት ነበር።

ይህ ናፍቆት የድሮ ነገር ሆኖ ቢቀር ባልተከራከርሁ። ግን ዛሬም ያሠራል፤ ዛሬም ያፈርሳል። በ2012 የአፍሪካ ኅብረት ጉልላት በቻይና ስጦታ፣ በ200 ሚሊዮን ዶላር ተመረቀ፤ የቆመው ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በ2022 ደግሞ የሳይንስ ሙዚየም ክብ ቀለበቱንና ጉልላቱን ይዞ ብቅ አለ፤ ከሌሊቱ መብራት ጋር ሲያዩት በ1968 የተሣለ ነገ ይመስላል። በ2024 የኮሪደር ልማት ሲባል ፒያሳ ፈረሰ፤ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ከፈረሰ በኋላ የሚሰራጨውን ሥዕል አይታችኋል? ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ የታጠበ ነው። ከወዳጄ የቀን መቁጠሪያ በምን ይለያል? አፍራሹና ናፋቂው ይሰዳደባሉ እንጂ የሚወዱት ፎቶ አንድ ነው። እኛ በውጭ የምንኖረውም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም፤ ያልተሠራ አፓርታማ በኮምፒዩተር ሥዕል አይተን ቅድሚያ የምንከፍለው እኛ ነን። እኔም አንድ ጊዜ ልከፍል ተቃርቤ ነበር። ገንዘብ አጠረኝ እንጂ ጥበብ አልከለከለኝም።

ባለፈው ወር ወዳጄ ቡና ሊጠጣ መጥቶ የአንበሳውን ፎቶግራፍ መደርደሪያዬ ላይ አየው። ዓይኑ በራ። ለሚመጣው ዓመት ለጥር ወር እንድሰጠው ለመነኝ፤ ልጆች ያሉበት ፎቶ ገዢ እንደሚያበዛለት ነገረኝ። «በግራ በኩል ያለችውን ጥላ አትፍራ፤ በኮምፒዩተር አጠፋታለሁ» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የማን ጥላ እንደሆነች አያውቅም ነበር።

ነገርሁት። አጎቴ በሰኔ ወደ ወሎ እንደ ተመለሱ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው እንዳልተሰማም ጨመርሁለት። ፎቶውን ይውሰድ፣ ግን ጥላውና የዱላው ጫፍ ባሉበት ይታተሙ፣ ከሥሩም የአጎቴ ስም ይጻፍ አልሁት። ለአሳታሚው እጠይቃለሁ ብሎ ሄደ። እስካሁን አልደወለም።