ከመቃብር በላይ ስም ይውላል

ዛሬ ስለ አንድ መምህር እናወጋለን።

ስማቸው ፕሮፌሰር ሊቪዩ ሊብሬስኩ ይባላል። ፕሮፌሰር ማለት የዩኒቨርሲቲ ታላቅ መምህር ማለት ነው። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ሩማንያ በሚባል አገር ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ጦርነት ሆነ። አይሁዳዊ በመሆናቸው ከነቤተሰባቸው ተጋዙ። ያን ክፉ ቀን አልፈው ተማሩ፤ መሐንዲስም ሆኑ። አውሮፕላን ነፋስ ሲገፋው አካሉ እንዴት እንደሚሆን ያጠኑ ነበር። በኋላ ወደ እስራኤል፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። እዚያም ቨርጂኒያ ቴክ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና አስተማሩ።

ቀኑ ሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር። የ76 ዓመቱ ሽማግሌ ክፍል ገብተው ያስተምራሉ። አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ወደ ሕንጻው ገባና መተኮስ ጀመረ። መምህሩ በሩን በሰውነታቸው ደግፈው ያዙ። ተማሪዎቹን «በመስኮት ውጡ» አሏቸው። ብዙዎቹ ዘለው ተረፉ። እሳቸው ግን በጥይት ተመተው ሞቱ። በዚያን ቀን የተገደሉት ተማሪዎችና መምህራን 32 ናቸው።

ሰዉ አለቀሰ። ነገሩ ግን በልቅሶ ብቻ አልቀረም። ከየቦታው ገንዘብ ተዋጣ። በ32ቱም ስም ለትምህርት መርጃ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ ተቀመጠ።

ቋሚ ገንዘብ ምንድን ነው? እንደ ጥገት ላም ነው። ላሟ አትታረድም፤ ወተቷ ይታለባል። ዋናው ገንዘብ አይነካም። በየዓመቱ የሚያስገኘው ትርፍ ለተማሪ ይሰጣል። ተማሪው ለትምህርቱ ይከፍልበታል፤ መጽሐፍ ይገዛበታል። ለዘንድሮው ደርሶ ለከርሞውም ይተርፋል።

እኛስ? ሰው ሲሞትብን እድርተኛው ይሰበሰባል። ንፍሮ ይቀቀላል፤ ለተዝካር በሬ ይጣላል። ሐዘንተኛን ማጽናናት ደግ ነው፤ ይቅር አንልም። ግን አንዳንዴ ለተዝካር እንበደራለን። ዕዳው ሲከብደን የሟቹን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርተን ከብት እናስጠብቃለን። ሟቹ ቢጠየቅ የቱን ይመርጥ ነበር?

ከድግሱ ጥቂት ብንቀንስ፣ በሟቹ ስም ለአንድ ችግረኛ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል። ያም መታሰቢያ ነው። ያ ልጅ ነገ መሐንዲስ ሆኖ ድልድይ ቢሠራልን፣ በክረምት ወንዝ ሰው አይወስድብንም።

የበላነው ተዝካር በማግስቱ ይረሳል። የተማረ ልጅ ግን ያስተማረውን ሰው ስም ያነሣል። እስቲ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ተነጋገሩበትም።