«ይችላል» ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛችን አንድ አደገኛ ግስ አለው። «ቻለ» ይባላል። አንዳንዴ ችሎታን ይናገራል፤ «ልጁ ማንበብ ይችላል» ስንል። አንዳንዴ ደግሞ መሸከምን፣ ጥርስ ነክሶ ማሳለፍን ይናገራል፤ «ምን ታድርግ፣ ችላው ኖረች» ስንል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ፊት ቃል ተማሪዎቼ እንዲወዱት እለፋ ነበር። ለግጥም ጥሩ ነው። ለረጅም መንገድ ሚኒባስ ሲኮናተሩበት ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታህሳስ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲቃረብ የአዲስ አበባ ማኅበርተኞች፣ እድርተኞችና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ቁልቢ ገብርኤል የሚያደርሳቸው መኪና ያፈላልጋሉ። የደህናው አውቶብስ ዋጋ ይሰማና ሁሉም «እንዴ!» ይላል። ከዚያ የአንዱ አጎት ወይም የአንዷ ጎረቤት ዶልፊን ይጠቆማል። ዶልፊኑ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። ናፍጣ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ባለቤቱም በትክክል አያውቀውም። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ለወጉ ያህል ይጠይቃል፤ «ቁልቢ ድረስ ይችላል?» «ኧረ በደንብ ይችላል!» ይባላል። ቀብድ ይከፈላል። አለቀ፣ ደቀቀ።

እኔ ጠቤ ከዶልፊኑ ጋር አይደለም። ጠቤ ከዚህች ጥያቄና ከዚህች መልስ ጋር ነው።

ጥቂት ዓመታት ይሆናል፤ በአንድ የሰፈር ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ተጓዥ አልነበርኩም፤ መዋጮ ላደርስ ነው የሄድኩት። የመኪናው ባለቤት፣ ሹፌሩም እሱው ነው፣ መጥቶ ተቀምጧል። አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ ነርስ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ፍሬኑን መቼ ነው ያሳየኸው?»

«እማማ፣ አያስቡ። ይችላል። ከዚህ የባሰ መንገድ ሄዶ ያውቃል።»

«እሱን አላልኩህም። መቼ ነው ያሳየኸው ነው ያልኩህ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እትዬ፣ ቀብዱ እኮ ተከፍሏል» አላቸው። ከኋላ አንዷ «ገብርኤል እያለ!» አለች። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። በጉዞው ቀን ቀሩ። መኪናውስ? ሄደ፤ ደርሶም ተመለሰ። እንደሰማሁት ከአዋሽ በኋላ ያለውን ዳገት በየጥቂቱ እየቆመ፣ ራዲያተሩ ውሃ እየተሞላለት ነው የወጣው። ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መኪናውን ሞልቶት ነበር። ይህ ሁሉ በኋላ ቡና ላይ እየተሳቀ ተወራ። «አየሽ፣ ቻለ!» ተባለ። ነርሷም እስከ ዛሬ «ፈሪዋ» ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት ያለብን። አዎ፣ ቻለ። ግን በየትኛው ትርጉሙ? ያ መኪና ታመመና ሕመሙን ችሎ ተመለሰ እንጂ መንገዱን የመሄድ ችሎታ እንዳለው አላስመሰከረም። እኛ ግን ደርሶ መመለሱን የምስክር ወረቀት አደረግነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማኅበር ሲጠይቅ «አምና ቁልቢን ደርሶ መጥቷል» ይባላል። ዕድልን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ሰው ዕድሉ ያለቀበትን ቀን አስቀድሞ ማወቂያ የለውም።

አሁን ደግሞ ለአሮጌው መኪና ጥብቅና ልቁም። እድሜው ብዙ፣ ኪሎ ሜትሩም ብዙ መሆኑ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ብዙዎቹ ዶልፊኖች የተሸከሙት ተርቦ የሌለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ መካኒኮቻችን «ፋይቭ ኤል» የሚሉት ባለ 3 ሊትሩ፣ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለትና ሙቀቱ ከተጠበቀለት ብዙ መቶ ሺ ኪሎ ሜትር የሚሠራ ጠንካራ ሞተር ነው። ደግሞስ ከየት እናመጣለን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ያረጃሉ ማለት ነው። ስለዚህ «አሮጌ ነውና ይቅር» የሚለው ምክር የሀብታም ምክር ነው። ትክክለኛው ጥያቄ መኪናው በምን ይዞታ ላይ ነው የሚለው ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውማ ይቅርብን። ተማሪዎቼን «ተራኪውን ዝም ብላችሁ አትመኑ» እል ነበር። ከተራኪዎች ሁሉ ደግሞ የማይታመነው የአሮጌ መኪና ቆጣሪ ነው። ይቆማል፤ ይቀየራል፤ በጥቂት ብርም ወደ ኋላ ይመለሳል። 180 ሺ የሚል ቆጣሪ የገዢን ልብ ለማርካት የተጻፈ ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። እውነቱ የሚገኘው ኮፈኑ ሥር ነው።

«ከመገናኛ ፒያሳ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ነው የሚውለው፣ ቁልቢ ምን ይገደዋል?» የሚልም አለ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከተማ ውስጥ ያለው መኪና በየፌርማታው ያርፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ትንፋሹን ጨርሶ የሚሠራበት ጊዜ የለም። የቁልቢ መንገድ ግን ወደ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በመጀመሪያ የአዳማው ፈጣን መንገድ አለ፤ እዚያ ሹፌሩ የልቡን ይነዳል፤ ያረጀ ጎማ የሚፈነዳውም እንዲህ ባለ ፍጥነትና ሙቀት ነው። ቀጥሎ መኪናው ወደ መተሐራና አዋሽ ቆላ ይወርዳል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም። ከዚያ በሙቀት ላይ ሙቀት ጨምሮ ወደ ጭሮ፣ ወደ ሂርና፣ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ሰው ጭኖ ይወርደዋል። ሲወጣ የሚፈተነው ሞተሩ ነው፤ ሲወርድ ፍሬኑ ነው። ሞተር ቢከሽፍ መንገድ ዳር ታድራላችሁ። ፍሬን ከከሸፈ ግን ሌላ ነገር ነው።

የፍሬኑን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ሰው የሚጨርሰው እሱ ነውና። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ከ205 ዲግሪ እንዳያንስ መመዘኛው ያዛል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ያለው መኪና ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሲያዝ ይሞቅና ዘይቱ ይፈላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ሹፌሩ ፔዳሉን ይረግጣል፤ እግሩ ወለል ይነካል፤ መኪናው አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይበጠስ ነው። ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሹፌር ደግሞ የሞተሩን እገዛ አስቀርቶ ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ራዲያተሩን ከዚህ የሚያድነው ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። በአንዲት ክዳን ምክንያት! የታይሚንግ ቺንጋውም አለ። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ በየ100 ሺ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ቆጣሪው የማይታመን ከሆነ ደግሞ 100 ሺው መቼ እንደሞላ ማን ያውቃል? መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ መቁጠር ነው። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ጉዞውም እዚያው ያበቃል።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልቀበል።

አንደኛው «ቦሎ አለው» የሚለው ነው። ቦሎ መኪናው በዓመት ውስጥ በአንድ ቀን ለምርመራ እንደቀረበ ይናገራል። ደህና ጎማ ተውሶ የሚቀርብ እንዳለም ሁላችንም እናውቃለን። የግንቦት ቦሎ ስለ ታህሳስ ፍሬን ምንም አይልም።

ሁለተኛው «ድሃ ምን ያድርግ?» የሚለው ነው። ይህን አከብረዋለሁ። ግን ሒሳቡን እንሥራ። የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ክዳንና የአንድ መካኒክ የግማሽ ቀን ድካም ለተጓዦቹ ቢካፈል የአንድ ሰው ድርሻ በመንገድ ላይ ለምሳ ከሚያወጣው አይበልጥም። ለጥሩንባና ለመኪና ማስጌጫ ሪባን ስናዋጣ ድሃ አልነበርንም።

ሦስተኛው «ገብርኤል እያለ» የሚለው ነው። እንደ አማኝ ሰው ልመልስ። ከመቅደስ ጫፍ ላይ «ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል» የተባለውን ታሪክ የማያውቅ ተሳላሚ ያለ አይመስለኝም። ይህን ያለው ማን እንደነበረም እናውቃለን። ስለት ልትከፍል የምትሄድ እናት የተሳለችው ልጇ ስለዳነላት ነው። ያን ልጅ ባልታየ ፍሬን ጭኖ መሄድ እምነት አይባልም። የመልአኩን ምስል መስታወት ላይ የለጠፈ ሹፌር የፍሬን ዘይት ከመቀየር ነፃ አይወጣም።

ከሁሉም የባሰው ግን አራተኛው ነው፤ እሱም በቃል አይነገርም። ይሉኝታ ነው። ባለቤቱን ማሳፈር፣ ሰብሳቢውን ማስቀየም፣ ጉዞውን ማበላሸት። ስለዚህ ፍተሻ ቢኖርም እንኳ ከውሳኔው በኋላ ይመጣል። ቀብድ ተከፍሎ፣ ዳቦ ተጋግሮ፣ ቲሸርት ታትሞ ካለቀ በኋላ የሚጠራ መካኒክ «አይሄድም» ለማለት ምን አቅም አለው? ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ይችላል» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። «አይሆንም» የሚል መልስ የማይቀበል ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ሥርዓተ ቡራኬ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት፣ ጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ባለቤቱ ያልመረጠው መካኒክ ይዛችሁ ማለዳ ሂዱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሞተሩ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው፤ ምን ሊደብቃችሁ እንደፈለገ ጠይቁ። በብርድ ሲነሳ እዩት። ጭሱን እዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ወይ ናፍጣው በደንብ አልነደደም፣ ወይ ውሃ እየገባ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈት፤ እንደ ድስት ካጨሰና ከተነፈሰ ውስጡ ደክሟል። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ቡና ከመሰለ ይቀየር፤ ሸራው ጎማው ወርዶ ይታይ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ «2314» የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ላስቲኩ አርጅቷል። በመጨረሻም በሊብሬው የተፈቀደለትን ያህል ሰው ጭናችሁ እንጦጦን አውጡት፤ መልሳችሁም አውርዱት። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ፣ አፍንጫችሁን ከፍታችሁ። ከዚያ መወያየት ይቻላል። መኪናው ከነእድሜው ካለፈ፣ በደስታ ሂዱበት።

ሹፌሩንም አትርሱ። ቀኑን ታክሲ ሲነዳ ውሎ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ከየትኛውም ያረጀ ፍሬን ያስፈራል። እሱም «እችላለሁ» ይላችኋል።

ማኅበሮቻችን በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንዲት መስመር ቢጨምሩ ደስ ይለኛል። መኪናውን አይቶ «አልሄድም» ያለ አባል መዋጮው ይመለስለታል፤ ስሙም አይጠፋም። የዛሬ ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ልክ ነው። የሚሄድበትስ መኪና ሰላም ነው ወይ? ይህን መጠየቅ ፍርሃት ከሆነ እንፍራ።

ባለቤቱ «ይችላል» ሲላችሁ፣ «የትኛውን መቻል?» በሉት። መልሱንም ከአፉ ሳይሆን ከመኪናው ተቀበሉ።