ዲግሪው የኛ፥ ቀጠሮው የነሱ



«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎን የሚያህል ሀብት ዳኛ ፈርዶ ቢወስድበት ይችለዋል፤ አንዲት ጭብጦ ያለፍርድ ቢነጠቅ ግን ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል። ለፍርድ ይህን ያህል የሚቆረቆር ሕዝብ ልጆች የሆንን እኛ፥ ዛሬ በወንጀል ፍትሕ የማስተርስ ዲግሪ ለመቀበል ተራ ይዘን ቆመናል። እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ይህ ዲግሪ ማንን ይጠቅማል?

ሳንሸነጋገል እንነጋገር። በምዝገባው ቀን በሰልፉ ላይ አጠገቤ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ለምን እንደ መጡ ጠይቄአቸው ነበር። አንደኛው ለደረጃ ዕድገት፥ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ለመለወጥ፥ ሦስተኛው ውጭ አገር ለመሄድ እንደ ሆነ ነገሩኝ። እኔም ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከነሱ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። እንጀራ መፈለግ ነውር አይደለም። ነውሩ፥ በሌላ ሰው መከራ ተምሮ ለዚያ ሰው ምንም ሳይመልሱ መቅረት ነው።

የወንጀል ፍትሕ ጥናት ምን እንደ ሆነ ለሌላ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ባጭሩ ልግለጽ። የወንጀል ሕግ ተማሪ «ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። የወንጀል ፍትሕ ተማሪ ግን «ሰውየው ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይኸውም ፖሊስ እጁን ከያዘበት ሰዓት ጀምሮ፥ በምርመራው፥ በዐቃቤ ሕጉ ክስ፥ በዳኛው ችሎትና በወህኒ ቤቱ በኩል አልፎ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ያለውን መንገድ መከታተል ነው። የተበደለውስ ወገን ካሳ አገኘ ወይስ በምስክርነት ተመላልሶ እግሩ ብቻ ደከመ? ይህም ከዚያው ጥናት ውስጥ ነው። ለኬሚስትሪ ተማሪ ቤተ ሙከራ እንዳለው ሁሉ፥ ለዚህ ተማሪ ቤተ ሙከራው ፖሊስ ጣቢያው፥ ችሎቱና ወህኒ ቤቱ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ አይደለም።

አንድ ቀን በአንድ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት የኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ቀረበ። መርማሪው ፖሊስ ምርመራው ስላላለቀ ተጨማሪ ቀን እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ዳኛው ወጣቱን «የምትለው አለ?» ቢሉት፥ «ጌታዬ፥ ዛሬ ነው የምፈታው ወይስ አይደለም?» አለ። የሚናገረው አማርኛ ነው፤ የተነገረውም በአማርኛ ነበር፤ ግን አልገባውም። ቀጠሮው ተሰጠ፤ ወጣቱም ተመለሰ።

ከበር ስወጣ ምሳ ዕቃ የያዙ አንዲት እናት እጄ ላይ ወረቀት አይተው ሕግ ዐዋቂ መሰልኋቸው። «ልጄ፥ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ከፍርድ በፊት ስለሚደረግ እስራት ከመቶ ገጽ በላይ አንብቤ ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት አፌ ላይ የመጣው የእንግሊዝኛው ቃል ብቻ ነበር። «ቀጠሮ ሰጡ» ብዬ ዐለፍሁ። ይህንንማ እሳቸውም ያውቁት ነበር። የኔ ትምህርት ከሳቸው ዕውቀት በላይ አንዲት ቃል እንኳ ሊጨምር አልቻለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፥ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዝዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብም ይደነግጋል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ ሳጅኑን ሕገ መንግሥቱ «በሚገባው ቋንቋ ንገረው» ብሎ ካስገደደው፥ እኛን የማስተርስ ባለቤቶችን ከዚህ ግዴታ ማን ነፃ አወጣን?

ሥራችንን እንመልከት። ተማሪው ወህኒ ቤት፥ ዛሬ ማረሚያ ቤት ከሚባለው ዘንድ፥ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። እስረኛውን በእስረኛው ቋንቋ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ይለውጠዋል፤ ከፈታኞቹ ፊት ይከራከርበታል፤ ጥቁር ጋውን ለብሶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። ችሎቱ ግን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ፥ በኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፥ በትግራይ በትግርኛ ይቀጥላል። ዳኛው ጽሑፉን አላየውም፤ መርማሪው አልሰማም፤ ታሪኩን የሰጠው እስረኛም ምን እንደ ተጻፈበት አያውቅም። ዲግሪው የኛ ሆነ፤ ቀጠሮው የነሱ ሆኖ ቀረ።

«ዲግሪ ሲበዛ ፍትሕ ይበዛል» የሚሉም አሉ። ይህ በሌላ አገር ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን፥ ወደ ፊት የፖሊስ ባልደረባ ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። በ1968 በወጣው ሕግ መሠረትም መንግሥት ለፖሊሶችና ለወህኒ ቤት ሠራተኞች የትምህርት ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ገንዘቡ ሲመጣ ኮሌጆች የወንጀል ፍትሕ ክፍል ለመክፈት ተሽቀዳደሙ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን፥ በ1978 የታተመው የፖሊስ ከፍተኛ ትምህርት አጥኚ ኮሚሽን ሪፖርት ብዙዎቹን ክፍሎች ወቀሳቸው። ያስተምሩ የነበሩት ጠባብ የሥራ ሥልጠና እንጂ አእምሮን የሚያሰፋ ትምህርት አልነበረም አለ። ወረቀቱ በዝቶ ነበር፤ ማሰቡ ግን አብሮ አልበዛም።

በሌላ በኩል ጆን ሃዋርድ የተባለውን እንግሊዛዊ እናስታውስ። ይህ ሰው በወንጀል ፍትሕ ዲግሪ አልነበረውም፤ በዘመኑ እንዲህ ያለ ዲግሪም አልነበረም። በ1773 የቤድፎርድሺር ሸሪፍ ሆኖ ሲሾም፥ ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸው ሰዎች ለወህኒ ጠባቂው የሚከፍሉት ገንዘብ በማጣት ብቻ ታስረው መቅረታቸውን አየ። ከዚያ በኋላ ከወህኒ ቤት ወደ ወህኒ ቤት እየዞረ ያየውን ጻፈ፤ ለፓርላማም መሰከረ። በ1774 ይህን ክፍያ የሚያስቀር ሕግ ወጣ፤ መጽሐፉም በ1777 ታተመ። ያገሩ ሕግ አውጪ በሚያነበው ቋንቋ ስለ ጻፈ ተነበበ። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ እግሩ ሄደ፤ ብዕሩም ለሚመለከተው ሰው ጻፈ።

አንዳንድ መምህራን «አማርኛ የዚህ ጥናት ቃላት የሉትም» ይሉናል። እንዴት የሉትም? በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊሱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ነበር፤ ያገራችን ሊቃውንት ወደ አማርኛ መልሰውት ዳኞች ሲሠሩበት ኖረዋል። ዋስትና፥ ይርጋ፥ አመክሮ፥ ገደብ፥ መቃወሚያ የሚሉት ቃላት በየችሎቱ በየቀኑ ይነገራሉ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። ያገሪቱ የበላይ ሕግ በአማርኛ ከቆመ፥ የኛ ሁለት መቶ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ ዐሥር ገጽ ማጠቃለያ ሊወጣው አይችልም ማለት ስንፍናን በሳይንስ ስም መሸፈን ነው።

«ዕውቀት ዓለም አቀፍ ነው፤ በውጭም ሊነበብልን ይገባል» የሚለው ክርክር ግን እውነትነት አለው። እንግሊዝኛው ይቅር አላልሁም። ይጻፍ፤ በሎንዶንም በኒው ዮርክም ይነበብ። ነገር ግን ሎንዶን የሚያነበውን የቂርቆስ ፖሊስ ጣቢያ እንዳያነበው ማን ፈረደ?

«አብዛኞቻችን ሠራተኞች ነን፤ ጊዜ የለንም» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ጊዜ የሌለው እኛ ብቻ አይደለንም። በጣቢያ ያለው ሰው ጊዜውን በቀጠሮ ይቈጥራል፤ የኛ የትምህርት ዘመን እሱ ሳይፈታ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን እነዚህን ሦስት ጉዳዮች ለትምህርት ክፍሉ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፥ ማንኛውም የወንጀል ፍትሕ የማስተርስ ተማሪ የምርምር ርእሱን ከመምረጡ በፊት አንድ የትምህርት ወቅት ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን በችሎት ተቀምጦ ያየውን ይመዝግብ።

ሁለተኛ፥ በዚያው ወቅት በነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል ያገልግል። የሕግ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ማእከል አቋቁመው ድኻውን እየረዱ ነው፤ ይህን ሸክም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ትተን ማለፍ አይገባንም።

ሦስተኛ፥ ጥናቱ በተካሄደበት ፍርድ ቤት ወይም ወህኒ ቤት የሥራ ቋንቋ አጭር ማጠቃለያ ተጽፎ ለዚያው ቦታ ሳይሰጥ ዲግሪው አይሰጥ። የማንም እስረኛ ስም እንዳይወጣ መጠንቀቅም የግድ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ የውጭ እርዳታም አይፈልግም። የሚፈልገው ፈቃድና ጥቂት ኀፍረት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በምረቃ ቀን ወላጆቻችን እልል ይሉልናል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት፥ ምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ የቆሙ እናት «ልጄ፥ ምን አሉ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለሳቸው ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቶ፥ ልጃቸው ምን መብት እንዳለው፥ ነገ ወዴት መሄድ እንደሚገባቸው በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት የሚችል ሰው፥ እሱ ማስተር ነው። የማይችል ግን ጋውኑን ቢለብስም ገና አልተመረቀም።