ያማረው ድረ ገጽና የጭሮው ባለጉዳይ

ባለፈው ወር ለአንድ የቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጭሮ ወርጄ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች እስካሁን አሰበ ተፈሪ ስንል አፋችንን የሚይዘን የለም። በዚያው ሰሞን ሒርና ላይ ቡና የሚነግድ አንድ ወጣት ዘመዴ ሊጠይቀኝ መጣና፣ ቡናው እስኪደርስ እንኳ ሳይታገሥ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይህን መመሪያ ይፈልጉልኝ» አለኝ። የሚፈልገው ሥራውን የሚመለከት የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ያው ናቸውና።

ስልኬን አውጥቼ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከፈትኩ። በመጀመሪያ የሕንፃው ፎቶግራፍ ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ወረደ። ቀጥሎ ኃላፊዎቹ በየስብሰባው የተነሷቸው ምስሎች አንዱ ሌላውን እየገፋ መንሸራተት ጀመሩ። ከዚያ የሚሽከረከር ዓርማ፣ ከዚያ ማንም ሳያዘው የሚጀምር ቪዲዮ። «መመሪያዎች» የሚለውን ቃል ያገኘሁት ቡናው ሁለተኛ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰነዱም ሲከፈት ጽሑፍ ሳይሆን የወረቀት ፎቶግራፍ ሆኖ ተገኘ፤ ጠመም ብሎ የተነሳ፣ በስልክ የማይነበብ፣ ቃል ቢፈልጉበት የማይገኝበት። ዘመዴ ሳቅ ብሎ፣ «ይኼኔ አዲስ አበባ ሄጄ ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር» አለ። ከጭሮ አዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጉዳዩ የጣዕም አይደለም

ድረ ገጽ በምስል ያጌጠ ይሁን ወይስ ቀለል ያለ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የባለሙያዎች የውበት ጭቅጭቅ ተደርጎ ይታያል። በበኩሌ፣ ቢያንስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በሚመለከት፣ ጉዳዩ የመብት ነው እላለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ከሐሳብ ነፃነት ጋር አያይዞ ይጠብቃል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከዚህ አልፎ መሥሪያ ቤቶች መመሪያዎቻቸውን በድረ ገጽ ላይ እንዲያወጡ ያስገድዳል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድረ ገጹ እንደ ቀድሞው የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ማስዋቢያ መሆኑ ቀርቶ ሕግ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ሆኗል ማለት ነው። ሕግን አለማወቅ ደግሞ ከተጠያቂነት አያድንም። እንግዲህ የሒርናው ነጋዴ ሊከፍተው ባልቻለው ገጽ ላይ በተለጠፈ መመሪያ ሊቀጣ ነው። ሰሌዳው ቆሟል፤ ግን ከፊቱ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መጋረጃው የቱንም ያህል ቢያምር መጋረጃ ነው።

ስለ ሕግ ካነሳን አይቀር፣ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን አርአያ የሆነች ከተማ ለማድረግ የደከሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ሕግ በጽሑፍ ይቀመጥ የተባለው እንዲነበብ ነው። የእሳቸው ከተማ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ መመሪያ ማንበብ ሲያቅተው ማየት ያሳዝናል።

ሒሳቡን እናስላው

ኮምፒዩተር አንድ የግዕዝ ፊደል ለመያዝ በተለመደው አሠራር ሦስት ባይት ይፈልጋል። አምስት ሺሕ ፊደል ያለው መመሪያ እንግዲህ 15 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። በዓለም ላይ ያለው የተለመደ ድረ ገጽ ግን ዛሬ ከ2 ሜጋ ባይት በላይ ይመዝናል፤ አብዛኛው ክብደትም የምስልና የማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ነው። በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት በሚያወርድ ደካማ መስመር መመሪያው በአንድ ሰከንድ ከጥቂት ይደርሳል። ያጌጠው ገጽ ግን ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ በስልክ ከሚደረጉ ጉብኝቶች 53 በመቶ የሚሆኑት ገጹ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ይቋረጣሉ። ጭሮ መሐል መስመሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ወደ መቻራ ወይም ወደ ገለምሶ ገጠሮች ሲዘለቅ ግን ነገሩ ይለያል፤ የዳታ ጥቅሉን የሚከፍለውም ባለጉዳዩ ነው።

«ጎብኚን ማቆየት» የሚለው አነጋገርም መመርመር አለበት። ማስታወቂያ የሚሸጥ ድርጅት ሰው በገጹ ላይ ብዙ ደቂቃ ቢቆይለት ያተርፋል። መሥሪያ ቤት ግን ባለጉዳዩ ሃያ ደቂቃ ቆየ ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ፣ ያ ሃያ ደቂቃ ሰውየው የጠፋበት ሊሆን ይችላል። ባለጉዳይን በደጅ ማቆየት እኮ የምናውቀው በሽታ ነው። ሰውን ደጋግሞ የሚያመጣው የፈለገውን አግኝቶ ቶሎ መሄዱ ነው።

ማስረጃው እዚሁ አገር አለ

በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር አንድም ሥዕል የለውም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ድምፅ ጀመረ፤ ሚሊዮኖችም ደወሉለት። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር መልከ መልካም መተግበሪያ ቢኖረውም፣ *127# ብሎ በተራ ስልክ ለሚገባውም በሩን ክፍት አድርጓል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 መሥሪያ ቤቶቹን በአንድ ገጽ ሲሰበስብ ምስልን ወደ ጎን ትቶ ፊደልን አስቀደመ፤ በማግስቱ ዓመትም ገጹ የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ተብሎ ተሸለመ። በአንጻሩ በ1990ዎቹ የኢንተርኔት ካፌ ዘመን ድረ ገጾችን ያስጨፍር የነበረው ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጦ ከነጭፈራው ተቀብሯል።

የእኛ ነገር የባሰ የሚያስቆጨው ለሌላ ምክንያት ነው። በአንድ ወቅት አማርኛን በኢንተርኔት ላይ በፎቶግራፍ የምንለጥፈው ወደን አልነበረም፤ ፊደላችን በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ስለማይነበብ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ተደክሞበት የተገኘ ፊደል እያለ ዛሬም የወረቀት ፎቶግራፍ መለጠፍ ምን ይባላል?

ምስል ሁሉ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። የሐረርጌን ቡና ለውጭ ገዢ የሚያቀርብ ነጋዴ ፍሬውንና ማሳውን ማሳየቱ ሥራው ነው። ማንበብ ለማይችል ሰውም ሥዕልና ድምፅ መብቱ ነው። ጥያቄው ምስሉ ሥራ ይሠራል ወይስ መንገድ ይዘጋል ነው።

ስህተቱ በእኔ ግምት የሚጀምረው ከውሉ ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት «ዘመናዊና ማራኪ» ብሎ ያዛል፤ ሠሪውም ማራኪ አድርጎ ያስረክባል። ሁለቱም ውላቸውን ፈጽመዋል፤ የተጎዳው በውሉ ውስጥ የሌለው ባለጉዳይ ነው። መድኃኒቱም እዚያው ነው። የገጹ ክብደት ከስንት ኪሎ ባይት እንደማይበልጥ በጨረታ ሰነዱ ይጻፍ። መመሪያዎች በሚፈለግና በሚገለበጥ ጽሑፍ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ሰው ቋንቋ በአፋን ኦሮሞም ጭምር ይቅረቡ። ርክክቡ ደግሞ በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን፣ በዴሳ ወይም ሚኤሶ ላይ በርካሽ ስልክ ተሞክሮ ይፈጸም። አልከፈት ካለ ክፍያው ይቆይ።

ወደ ዘመዴ ልመለስ። አዲስ አበባ ስገባ ያንን ፎቶግራፍ በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ አስፍቼ፣ የሚመለከቱትን ሁለት አንቀጾች በእጄ ተይቤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላክሁለት። በአማርኛ አንዱ መልእክት የሚይዘው ሰባ ፊደል ብቻ ነውና ተቆራርጦ ደረሰው። ማታውኑ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ነገሩ ይኼው ብቻ ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ይኸው ብቻ ነበር።

ቸር እንሰንብት።