የሠራተኛ ጡረታ ስሕተት ሳይጠየቅ ይታረም

ጅቡቲ ከተማ እየነገድን ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሠራተኛ ያለን ብዙዎች ነን። ደመወዙን እኛ እንልካለን፤ የጡረታ መዋጮውን የሚያሳውቀው ግን ሒሳብ ሠራተኛው ነው። የቆየውን ሰነድ ራሳችን ብናየው ይበጃል እንላለን።

በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። አበሉ የሚሰላው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ወጪ ለመቀነስ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ደመወዝ ነገ የዘበኛውን እንጀራ ይቀንሳል። የተዘለለ ወር ከአገልግሎቱ ይጎድላል፤ 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ወርሃዊ አበል አያገኝም።

«ያለፈውን መንካት ጣጣ መጥራት ነው» የሚሉ አሉ። ቅጣት ሊኖር ስለሚችል ፍርሃታቸው ይገባናል። ዝም ቢባል ግን ዕዳው እያደገ ይሄዳል፤ ጉዳቱም በሠራተኛው ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ የደመወዝ መክፈያውን ከባንክ ደረሰኙ ጋር በየወሩ እናመሳክር፤ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም እንይ። ጉድለት ከተገኘ ማስረጃውን ይዘን ለገቢዎች ቢሮ በጽሑፍ እናመልክት። የደመወዝ ወጪው በዓመታዊ የትርፍ ግብር ማስታወቂያችን ላይም ስላለ ሁለቱ ይስማሙ፤ እሱን ለማሻሻል አዋጅ ቁጥር 983/2008 የ5 ዓመት ጊዜ ይሰጣል።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ለሠራተኛው የሚመሰክርለት ሰነዱ ብቻ ነው።