ለአጭር እስር የምንከፍለው ረጅም ዋጋ



ከላንቻ ፌርማታ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ቃሊቲ የሚወርድ ሁሉ ወደ ሥራ የሚሄድ አይደለም። ስንቅ ቋጥረው እስረኛ ሊጠይቁ የሚሄዱ እናቶችና ሚስቶችም አሉ። መንግሥት ለእስረኛው ቀለብ፣ ሕክምናና ጥበቃ ያወጣል። ቤተሰቡ ደግሞ ለትራንስፖርት፣ ለስንቅና ለጎደለው ገቢ ይከፍላል። ይህ ሁለተኛው ሒሳብ በየትኛውም በጀት ላይ አይጻፍም።

ሰው የገደለ፣ የደፈረ፣ በመሣሪያ የዘረፈ ይታሰር፤ በዚህ ክርክር የለም። የኔ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥፍቶ ጥቂት ወራት ስለሚፈረድበት ወጣት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ምን ይሆናል? የቀን ሥራውን ያጣል። የቤት ኪራይ ይከመርበታል። ከእሱ የባሱ ወንጀለኞችን ይተዋወቃል። ሲወጣ ደግሞ «እስር ቤት የነበረ» ተብሎ ቀጣሪ ይሸሸዋል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉ፣ ሕጉ ራሱ ከፍቶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 103፣ እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ቀላል ወንጀል፣ ጥፋተኛው ለኅብረተሰቡ አደገኛ ካልሆነ፣ ዳኛው በእስሩ ፋንታ የግዴታ ሥራ እንዲፈርድ ይፈቅዳል። ቅጣትን በገደብ ማቆየትም በዚሁ ሕግ አለ። ነገር ግን በየሰፈራችን የግዴታ ሥራ ተፈርዶበት መንገድ ሲያጸዳ ወይም ችግኝ ሲተክል ያየነው ሰው ማን ነው?

አንዱ ምክንያት ጣሪያው ዝቅ ማለቱ ነው። ተራ ስርቆት እንኳ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ ከአንቀጹ ውጭ ይቀራል። ዚምባብዌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቅጣት ስትጀምር፣ እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊፈረድባቸው የሚችሉትን አካታለች። እኛስ ለምን አንችልም?

በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በቀላል ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውንና ሊፈቱ የተቃረቡትን ጨምሮ 4,011 ታራሚዎች በይቅርታ እንዲወጡ ተወስኗል። እነዚህን ሰዎች መልቀቅ ይቻላል ብሎ የወሰነው መንግሥት ራሱ ነው። ታዲያ ይህ ምዘና ወረርሽኝ እስኪመጣ ለምን ይጠብቃል? ገና ፍርድ ሲሰጥ ለምን አይደረግም?

«የተሰረቀውስ ሰው?» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ሌባው ስለታሰረ ስልኩ ለባለቤቱ አይመለስለትም። ሠርቶ ቢከፍለው ግን ይካሳል። ፍትሕ ማለት የተበደለው መካስ ጭምር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የአንቀጽ 103 ጣሪያ ወደ አንድ ዓመት ከፍ ይበል፤ ስርቆትንም እንዲጨምር ይስተካከል። ከጥፋተኛው የሥራ ገቢ ለተበዳዩ የሚከፈል ድርሻ ይኑር። በየክፍለ ከተማው ቅጣቱን የሚከታተል ሠራተኛ ይመደብ፤ ደሞዙም ለአጭር ጊዜ እስረኞች ከሚወጣው ገንዘብ ይሸፈን።

ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ግንቡን አፍርሰናል። ለጥፋት ሁሉ «ይታሰር!» የሚለው ልማዳችን ግን እንደቆመ ነው። አሁን እሱን የማፍረስ ተራ ነው።