መላ ምቱ የልጁ ይሁን

የሳይንስ ዐውደ ርእይ ቀን በተቃረበ ቁጥር በዲላ ከተማችን ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ የታወቀ ሥራ ይጀመራል። አባት ካርቶን ይቆርጣል፤ እናት ሙጫና ቀለም ትገዛለች፤ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ደግሞ ብዕር አንሥተው የታናሻቸውን መላ ምት ይጽፋሉ። ልጁም የተጻፈለትን በቃሉ አጥንቶ ከዳኞች ፊት ይቆማል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የተነሣ የሚደረግ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ቢታገዝ፣ መላ ምቱ ብቻ ለልጁ ሊተውለት ይገባል የምል ነኝ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ላይ የሰማሁት ነገር ይህን ለመጻፍ አነሣሣኝ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያማረ ሥራ ይዞ ቀርቦ ሳለ፣ ዳኛው «ይህ ይሆናል ብለህ ለምን ገመትህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም «እሱን ጋሼ ነው የሚያውቀው» ብሎ ወደ ታላቅ ወንድሙ አመለከተ። የቆመው ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔ ግን ለልጁ አዘንኩለት። ሥራው በስሙ ተጽፎ ሳለ፣ ከሥራው ውስጥ የእርሱ የሆነ አሳብ አንድም አልነበረም።

መላ ምት ማለት አንድ ነገር አስተውሎ «እንዲህ ባደርግ እንዲህ ይሆናል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ ከሙከራው በፊት መናገር ነው። ሙከራው ሊያፈርሰው የማይችል ቃል ግን ምኞት ወይም ምርቃት ይባል እንደ ሆነ እንጂ መላ ምት አይባልም።

ለዚህም ከአገራችን ከዶክተር አክሊሉ ለማ የበለጠ ምሳሌ አላገኝም። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አድጎ ወደ ሰው ይተላለፋል። ዶክተር አክሊሉም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። እንዶዱ ይሆን የገደላቸው? ብለው ገመቱ። ግምታቸውንም በልባቸው ይዘው አልሄዱም፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ተይዘው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር። ያን ቀን አዲስ የሆነው ጥያቄው ነው።

ለእኛ ለጌዴኦ ልጆችም ጥያቄ በደጃችን ሞልቷል። ቡናው ከእንሰቱ ጋር፣ ሁለቱም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅሉበት የአባቶቻችን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ እየኖርን፣ በየዓመቱ ከካርቶን የተሠራ እሳተ ገሞራ ማቅረባችን ይገርመኛል።

እስቲ አንድ ልጅ ከቡና ማጠቢያ የወጣ ልጣጭ ተከምሮ በበሰበሰበት ቦታ ሣሩ ለምልሞ አየ እንበል። «የቡና ልጣጭ ለተክል ጥሩ ነው» ብሎ ቢጽፍ ገና ነው፤ «ጥሩ» በማስመሪያ አይለካምና። በዚህ ጊዜ ታላቁ ብዕሩን ከእጁ አይቀማው፤ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቀው። ምኑን ትለውጣለህ? ምኑን ትለካለህ? ለምንስ ይመስልሃል? ልጁ እየተጠየቀ፣ እየሰረዘም በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፤ «የበሰበሰ የቡና ልጣጭ በተቀላቀለበት አፈር የተዘራ ቦሎቄ፣ ምንም ባልተቀላቀለበት አፈር ከተዘራው ይልቅ በ3 ሳምንት ውስጥ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ልጣጩ ሲበሰብስ ለተክሉ ምግብ ይሆነዋል።» ከዚያም 5 ጣሳ በልጣጭ፣ 5 ጣሳ ያለ ልጣጭ አዘጋጅቶ፣ ውሃውንም ብርሃኑንም እኩል አድርጎ ይጠብቃል። በቦሎቄ ፈንታ የቡና ዘር እዘራለሁ ቢል፣ የቡና ዘር ለመብቀል ከአንድ ወር በላይ እንደሚፈጅ መንገር ደግሞ የታላቁ ፈንታ ነው። እርዳታ ማለት ይህ ነው።

ልጁ አሳቡን በእንግሊዝኛ መግለጽ ቢያቅተው፣ አስቀድሞ በጌዴኦኛ ወይም በአማርኛ ይናገረው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በቋንቋ ምክንያት የልጅ አሳብ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ተሳስቶ በሰው ፊት ከሚያፍር እኔ ባቃናለት ይሻላል» ይላሉ። ዛሬ ደግሞ መላ ምቱን አሳምሮ የሚጽፍ ስልክ በየኪሱ አለ። ነገር ግን የእንቆቅልህን ጨዋታ እናስብ። ልጁ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይገምታል፤ ቢያቅተው አገር ይሰጣል፤ መልሱንም ሰምቶ ይሥቃል። መልሱን አስቀድሞ በጆሮው የሚያንሾካሹክለት ቢኖር ግን ጨዋታው ይፈርሳል። በዚህ ጨዋታ አገር መስጠት ነውር ካልሆነ፣ በሳይንስ መሳሳት ስለ ምን ነውር ይሆናል? ምንም ያልተቀላቀለበት አፈር ቦሎቄውን አስረዝሞት ቢገኝ፣ ልጁ ልጣጩ በቂ ጊዜ በስብሶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሚሠራው አገኘ ማለት ነው። ቁጥሩን ደብቆ መላ ምቱን ወደ ኋላ የሚያርም ልጅ ግን የተማረው ማታለልን ነው፤ ይህን ትምህርት ደግሞ አድጎ በመሥሪያ ቤትም በገበያም ይሠራበታል።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን ሁለት አሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት መላ ምቱን በራሱ እጅ በእስክርቢቶ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮበት ለመምህሩ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ዳኞች ከሥራው ውበት ይልቅ «ምን ገመትህ? ምንስ ብታይ ግምቴ ፈረሰ ትል ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ከፍ ያለ ነጥብ ይስጡ። ይህ ከሆነ ካርቶንና ቀለም መግዛት የማይችል ቤት ልጅም ከባለጸጋው ልጅ ጋር እኩል ይወዳደራል፤ ለማሰብ ገንዘብ አይከፈልምና።

ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን ሆይ፤ ካርቶኑን ቁረጡላቸው፤ ጣሳውን ፈልጉላቸው፤ ጥያቄም ጠይቋቸው። «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ግን ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩት።